ጉና ላይ ፓውዛ አትትከሉ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔ ባሕር ዳር ጣና ላይ ጀልባ የምነዳ ሰው ነኝ። ጋዜጣችሁን ወደቡ ላይ እንግዳ ስንጠብቅ አንዱ ይገዛና እየተቀባበልን ነው የምናነበው፣ እና ስለ ቱሪዝም በተጻፈ ቁጥር የሚነሳው ያው ጣና፣ ገዳማቱ፣ ጢስ ዓባይ፣ ከዛ ጎንደርና ላሊበላ ነው። ደግ ነው፣ እንጀራዬም እሱ ስለሆነ አልቃወምም። ግን እንግዳው ቀን ቀን ሲዞር ይውልና ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ምን ያድርግ? አሳውን በልቶ ቢራውን ጠጥቶ መተኛት ነው በቃ። እኔ ደግሞ እዚህ አገር ካለው ሀብት ትልቁ ማታ ማታ ከጭንቅላታችን በላይ ያለው ነው ባይ ነኝ፣ እሱን በደንብ ያየሁት ጉና ተራራ ላይ ስለሆነ ስለ ጉና ልጻፍላችሁ፤ በተለይ አሁን አሁን ጉና ይልማ፣ ሎጅ ይሠራበት፣ ካምፒንግ ይደረግበት የሚል ወሬ በየሻይ ቤቱ ስለምሰማና ያወራው ሰው ሁሉ የሚጀምረው "መጀመሪያ መብራት ይግባለት" ብሎ ስለሆነ።

ጉናን በስም የማያውቅ የለም፣ ወጥቶ ያየው ግን ጥቂት ነው። ከባሕር ዳር ሐሙሲትን አልፋችሁ ወረታ ላይ ወደ ቀኝ ትታጠፋላችሁ፣ እሱ በደርግ ጊዜ ቻይናዎች የሠሩት እስከ ወልድያ የሚዘልቀው መንገድ ነው፣ አሁንም ድረስ ሰው ቻይና መንገድ ነው የሚለው። የፎገራን የሩዝ ማሳ ጨርሳችሁ ዓለም በር ስትደርሱ ዳገቱ ይጀምራል፣ የዓለም ሳጋን ጫካ አልፋችሁ ደብረ ታቦር ስትገቡ ከባሕር ዳር 100 ኪሎሜትር ገደማ መጥታችኋል። ከዛ ወደ ጋይንት በሚወስደው መንገድ ላይ ክምር ድንጋይ የምትባል ከተማ አለች፣ ብርዱ መጀመሪያ ሰላም የሚላችሁ እዛ ነው። ተራራው ከዛ በላይ ነው፣ ጫፉ ከ4,100 ሜትር ይበልጣል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር እንኳን ስለማይሞላ ጠዋት ባሕር ዳር ቁርስ በልታችሁ ማታ ጉና ላይ ካደራችሁ በአንድ ቀን 2,300 ሜትር ያህል ሽቅብ ወጣችሁ ማለት ነው፣ ይሄ ደግሞ ቀልድ አይደለም፣ ራስ ያማል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ እንቅልፍ እምቢ ይላል። ደብረ ታቦር ወይ ክምር ድንጋይ አድሮ በማግስቱ ቀስ ብሎ መውጣት ነው የሚሻለው። ጉልበተኛ ነኝ ያለው ነው ቀድሞ የሚታመመው፣ አይቻለሁ።

በነገራችን ላይ ጣናና ጉና ሌላና ሌላ እንዳይመስላችሁ። ርብም ጉማራም የሚነሱት ከጉና ነው፣ ስለዚ ጀልባዬ የሚንሳፈፍበት ውሃ ውስጥ የጉና ዝናብ አለበት፣ ደለሉም አብሮ ይመጣል፣ የደለሉን ነገር ግን ሌላ ቀን እናወራዋለን።

እኛ የወጣነው ታህሳስ ላይ ነው፣ ከወደቡ ልጆች ጋር። የሚስቴ ወንድም ፋርጣ ስለሚኖር በሱ በኩል መንገድ መሪ አገኘን፣ ለዕቃው ፈረስ ተከራየን፣ እኛ በእግር። መንገዱ ላይ ካስገረመኝ ነገር አንዱ ገብስ ምን ያህል ከፍታ ድረስ እንደሚዘራ ነው፣ አበቃ ስትሉ ሌላ ማሳ ይመጣል፣ ሰው መሬት ቢያጣ ነው እንጂ ማን ይሄን ብርድ ወዶ ያርሳል። ከማሳው በላይ አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ነው፣ ከአስታው በላይ ደግሞ ጓሳ ሣር ለብሶ የተንጣለለ ሜዳ፣ አባቶቻችን ቆላ ወይና ደጋ ደጋ ብለው መጨረሻ ላይ ውርጭ የሚሉት አገር። እኔ ተራራ ሲባል ሹል ጫፍ ነበር የምጠብቀው፣ ላዩ ግን ፈረስ የሚያስጋልብ ሜዳ ነው። እዚህም እዚያም ጅብራ ቆሟል። ጅብራ ለብዙ ዓመት ቅጠሉን ዘርግቶ ይኖርና አንድ ጊዜ ብቻ ረጅም የአበባ ግንድ ያወጣል፣ ካበበ በኋላ ይሞታል። አንዳንዱ ከሰው ቁመት በብዙ ይበልጣል፣ አመሻሽ ላይ ከሩቅ ስታዩት ጋቢ ለብሶ የቆመ ሰው ነው የሚመስለው፣ አብሮን የነበረው ልጅ አንዱን "እንዴት አመሹ" ብሎታል፣ እስካሁን ይክዳል እንጂ።

ድንኳን ተክለን ፀሐይ እስክትጠልቅ ጠበቅን። እስከ 1 ሰዓት ድረስ ከብርዱ በቀር የገረመኝ ነገር አልነበረም። ከዛ በኋላ ግን… እኔ እኮ ማታ ጣና መሐል ሞተር አጥፍቼ የማውቅ ሰው ነኝ፣ ኮከብ አላውቅም አልልም። ግን ጣና ላይ ባሕር ዳር ያለችበት በኩል ሰማዩ ሁሌ የነጣ ነው፣ ከውሃው የሚነሳው እርጥበትም ያደበዝዘዋል። ጉና ላይ ኮከቡ እስከ አድማሱ ድረስ ነው፣ መሬቱ የት ጋ እንደሚጀምር የምታውቁት ኮከቡ ድንገት ሲቆረጥ ነው። መሪያችን ምንም ሳይገርመው በሶውን እየበጠበጠ ነበር።

በዛች ሌሊት ያየነውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሄዶ ማየት ለሚፈልግ ይጠቅማል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል አካባቢ ወደ ሰሜን ፊታችሁን አዙራችሁ ቀና ስትሉ ደብዘዝ ያለች ረዘም ያለች ብርሃን አለች፣ አንድሮሜዳ ጋላክሲ ናት፣ ጋላክሲ ማለት እጅግ ብዙ ከዋክብት አንድ ላይ የተሰበሰቡበት ነው፣ ያለ ምንም መሣሪያ ነው ያየናት፣ ዓይናችን ውስጥ የገባው ብርሃን ከዛ ከተነሳ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ሆኖታል። ምሥራቅ በኩል ሰባቱ ከዋክብት ከፍ ብለዋል፣ ከነሱ በታች ኦሪዮን እየወጣ ነው፣ እነዚህን መጽሐፈ ኢዮብ ላይ የምታውቋቸው ናቸው። እኩለ ሌሊት ላይ ኦሪዮን አናታችን ላይ ደረሰ። ከሱ ወረድ ብሎ ሲሪየስ አለ፣ ከሰማይ ኮከብ ሁሉ ደማቁ እሱ ነው፣ ከሲሪየስ ወደ ደቡብ ወረድ ስትሉ ሁለተኛው ደማቅ ኮከብ ካኖፐስ አለ። ከዛም በታች፣ አድማሱ ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው የደመና ቁራጭ የመሰለ ነገር አየንና ደመና ነው ብለን ተውነው፣ ግን ሰዓታት አለፉ እንጂ እንደ ደመና አልተበተነም፣ ከኮከቦቹ ጋር አብሮ ነው የሚዞረው። ትልቁ የማጄላን ደመና የሚሉት ነው፣ ስሙ ደመና ይሁን እንጂ የራሱ ከዋክብት ያሉት ሌላ ጋላክሲ ነው፣ ከባሕር ዳር መሐል ሆናችሁ በጭራሽ አታዩትም።

ለኔ ትልቁ ነገር የመጣው ግን ሊነጋ ሲል፣ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ነው፣ ሁሉም ተኝቶ እኔ ብርዱ እንቅልፍ ከልክሎኝ ወጣሁ። በሰሜን በኩል ትልቁ ድብ ተነስቷል፣ ከሱ በግራ ዝቅ ብላ የሰሜን ኮከብ አለች፣ እኛ ጋ ከአድማስ 12 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው ከፍ የምትለው። ዞር ስል በደቡብ ምሥራቅ የደቡብ መስቀል የሚባሉት በመስቀል ቅርጽ ያሉ አራት ኮከቦች ቆመዋል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ! ይሄን ለምን እንደማካብደው ልንገራችሁ፣ ከአውሮፓ የሚመጣ ሰው አገሩ ሆኖ የደቡብ መስቀልን ዕድሜውን ሙሉ ቢጠብቅ አያያትም፣ የአውስትራሊያ ሰው ደግሞ የሰሜን ኮከብን አያያትም፣ እኛ ግን ከምድር ወገብ 12 ዲግሪ ያህል ብቻ ወደ ሰሜን ስለሆንን ሁለቱም በደጃችን ነው የሚያልፉት። ጀልባዬ ላይ የሚወጡት ፈረንጆች አንገታቸው ላይ ካሜራ አንጠልጥለው የሚመጡት ያላዩትን ለማየት ነው፣ ይሄን ማንም አይነግራቸውም።

ተወርዋሪ ኮከብም አይተናል፣ ብዙ። በየዓመቱ ታህሳስ 4 ለ5 አጥቢያ ጀሚኒድ የሚባለው በብዛት የሚወርድበት ሌሊት ነው፣ ጨረቃ ከሌለችና ጨለማ ቦታ ከሆናችሁ ከመቶ በላይ በሰዓት ሊወርድ ይችላል ይባላል፣ ፈረንጆቹ በነሐሴ የሚጠብቁት ፐርሲድ ግን ለኛ አይሆንም፣ ነሐሴ ላይ እኛ ጋ ሰማዩን ያየው ማን ነው። አንዱ ጓደኛችን ደግሞ ቀስ ብሎ የሚሄድ ብርሃን ባየ ቁጥር "ያቻት የኛ ሳተላይት" ይላል፣ ታህሳስ 2012 ላይ ቻይና ሆና የተወነጨፈችውን ኢቲአርኤስኤስ-1 ማለቱ ነው፣ 70 ኪሎ ገደማ የምትመዝን ዕቃ በባዶ ዓይን እንደማትታይ ብንነግረውም አልሰማንም፣ ይሁንለት።

ለምን ጉና ላይ እንዲህ ሆነ ለሚል፣ ምሥጢሩ ሁለት ነው። አንዱ ከፍታው። 4,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ 60 በመቶ አካባቢ ነው፣ አቧራውም እርጥበቱም የበዛበት አየር ከእግራችሁ በታች ቀርቷል፣ ኮከብ ብልጭ ድርግም የሚለው አየሩ ስለሚናወጥ ስለሆነ ከፍ ስትሉ ረጋ ይላል። ሁለተኛውና ዋናው ጨለማው ነው። ከፍታ ብቻውን ምንም አያደርግም። እንጦጦ ላይ ያለው የኮከብ መመልከቻ 3,200 ሜትር ላይ ነው የተሠራው፣ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፕ አለው፣ ግን አዲስ አበባ ከሥሩ ናት፣ የከተማዋ ብርሃን በየዓመቱ እየጨመረ ነው። ከላሊበላ በላይ ያለው አቡነ ዮሴፍ ተራራ ለትልቅ ቴሌስኮፕ እንዲጠና የተፈለገውም ከፍታውና ጨለማው አንድ ላይ ስለተገኙ ነው። ጉና ላይ ሆናችሁ ደብረ ታቦር ወዳለችበት ስትመለከቱ ከአድማሱ በላይ ሰማዩ ነጣ ያለ ነው፣ ከዛም ወዲያ በምዕራብ በኩል ሌላ ደብዛዛ ነገር አለ፣ የሚስቴ ወንድም "ያ ባሕር ዳር ነው" አለኝ። መቶ ኪሎሜትር ርቀት ላይ! እኔ የምኖርበት ከተማ ብርሃን እዛ ድረስ መጥቶ ኮከብ ሲያጠፋ ማየት ደስ አይልም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በማግስቱ ስንወርድ ቡና የጠጣንበት ቤት አንድ አባት ነበሩ። "ምን ፍለጋ ነው የወጣችሁት?" ሲሉን የሚስቴ ወንድም ፈጠን ብሎ "ኮከብ ሊያዩ ነው አባቴ" አላቸው። ሳቁ፣ ከልባቸው ነው የሳቁት። ከዛ ሳቁን ተዉትና "ልጄ፣ እናንተ መብራት ሰልችቷችሁ ጨለማ ፍለጋ ትመጣላችሁ፣ የኛ ልጆች በኩራዝ ጭስ ዓይናቸው ጠፋ፣ አሁን ጨለማችንን ልትሸጡብን ነው?" አሉኝ። ቤቱ ዝም አለ። ባለቤቲቱ ቡናውን እየቀዳች "እንግዳን እንዲህ ይሉታል እንዴ አባባ" ብትላቸውም እሳቸው መልስ እየጠበቁ ነው።

ይሄን ዘልዬ ስለ ኮከብ ብቻ ብጽፍላችሁ ግማሽ ወሬ ይሆናል። እሳቸው ያሉት ልክ ነው፣ ባሕር ዳር መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የሚያስነሳ ሆቴል ውስጥ ቁጭ ብሎ "ገጠሩ በጨለማው ይቆይልን" ማለት ነውር ነው። እኔ የመለስኩላቸው እንዲህ ብዬ ነው፣ አባቴ፣ ቤት ውስጥ የሚበራ አምፖል ኮከብ አይነካም፣ ጣራና ግድግዳ አለው፣ ልጆቹ የሚያጠኑበት ሶላርም እንደዛው፣ በረንዳ ላይ ወደ መሬት የዞረች መብራትም ምንም አትል። ሰማዩን የሚያጠፋው ከቤት ውጪ፣ ወደ ላይና ወደ ጎን፣ ሌሊቱን ሙሉ፣ ማንም በሌለበት የሚበራው ነው። ፓውዛው ማለቴ ነው። እሱን ደግሞ የሚተክለው የእርሶ መንደር ሳይሆን ከከተማ የሚመጣ ሎጅ ሠሪ ነው። እሳቸው ዝም ብለው ሰሙኝና "እንግዲያስ መጀመሪያ ለኛ ቤት ይግባ፣ ከዛ ስለ ሰማዩ እንነጋገራለን" አሉ። እኔም ከሳቸው ጋር ነኝ። ጨለማ የሚሸጥ ዕቃ ከሆነ ሻጮቹ እነሱ ይሁኑ፣ ፈረሱን የሚያከራዩት፣ መንገድ የሚመሩት፣ የገብስ ቂጣና ድንች የሚያቀርቡት፣ ማደሪያውንም የሚያስተዳድሩት እነሱ፣ ገቢው ለቤታቸውና ለትምህርት ቤታቸው መብራት ይዋል። ይሄ ሕልም አይደለም፣ መንዝ ጓሳ ላይ ሕዝቡ ቄሮ በሚባል የራሱ ሥርዓት ሣሩን ለ400 ዓመት ያህል ጠብቆ ዛሬ ማህበረሰቡ የሚያስተዳድረው ሎጅ አለው፣ ሰው እየሄደ ያድርበታል። ጉናም ጥብቅ ቦታ ነው፣ ጠባቂ አለው፣ የጎደለው ሐሳቡ ነው።

ስለ ፓውዛ እንዲህ የምናገረው ከመጽሐፍ ይዤው አይደለም፣ ጣና ዳር ሥራዬ ላይ የሚገጥመኝ ነው። ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ማረፊያ፣ ስሙን አልጠራም፣ ውሃው እንዲያምር ብሎ ፓውዛውን ወደ ሐይቁ አዙሮ ተክሏል። ማታ እንግዳ ይዤ ወደ ወደቡ ስገባ ብርሃኑ ዓይኔ ውስጥ ነው የሚገባው፣ ከፊቴ ታንኳ ይኑር አይኑር አላይም፣ የታንኳ ሰዎች ደግሞ መብራት የላቸውም፣ መረባቸውን ጥለው ሲመለሱ ከደንገሉ ጋር ተመሳስለው ነው የሚመጡት። ለጥበቃው ነገርኩት፣ ለኃላፊው ነገርኩት፣ "እንግዶች ይወዱታል" አሉኝ። እንግዶቹ እራት ላይ ምን እንደሚሉ እኔ ነኝ የምሰማው፣ በፓውዛው የተሰበሰበው ትንኝ ሾርባቸው ውስጥ እየገባ ሲቸገሩ። አሁን ደግሞ ፋሽኑ በሰማያዊና በሐምራዊ መብራት ዛፍ ማስጌጥ ሆኗል፣ ዘንባባው ምን በደለ። አዲሱ የዓባይ ድልድይ ማታ ሲበራ ያምራል፣ አልዋሽም እኔም ፎቶ ተነስቼበታለሁ፣ መንገድና ድልድይ መብራት ያስፈልገዋል፣ ሰው ይሄድበታል። እኔ የምለው ስለ አበራሩ ነው፣ ላዩ ይከደን፣ ወደ መሬት ይዙር፣ ነጩ ቀርቶ ቢጫ ቢጫው ይሁን፣ ከሌሊቱ 5 ሰዓት በኋላ ሰው የማያልፍበት ቦታ ይጥፋ። ወደ ሰማይ የሚሄደውን ብርሃንም እኮ ቆጣሪው ይቆጥረዋል። ጣና ከ2007 ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ተብሎ ተመዝግቧል፣ ዳርቻውን ስንጠብቅ ሌሊቱንም ብንጨምርበት ምን ይጎዳል።

ለመሄድ ለምታስቡ ጥቂት ነገር ልጨምር። መጀመሪያ መንገዱ፣ የመንገዱን ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ሰላም መሆኑን እዛው ካለ ሰው ሳታረጋግጡ አትነሱ፣ ኮከቡ የትም አይሄድም። ወሩን በተመለከተ ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው ሰማዩ የሚጠራው፣ ጥምቀትን ጎንደር አክብሮ የሚመለስ እንግዳ ቢጨምርበት ጥሩ ጊዜ ነው፣ ከመጋቢት በኋላ አቧራውና የማሳ ቃጠሎው ጭስ አለ። የሚልኪ ዌይን፣ ማለትም እኛ ያለንበትን ጋላክሲ፣ ደማቁን ክፍል ማየት የሚፈልግ ግን ታህሳስ ላይ አያገኘውም፣ የካቲት ላይ ሊነጋ ሲል፣ ሚያዝያ ላይ ወደ እኩለ ሌሊት ገደማ ነው የሚወጣው። ጨረቃዋን እወቁ፣ ሙሉ ከሆነች ለእግር ጉዞ ታምራለች እንጂ ለኮከብ አትሆንም። ቀላሉ ዘዴ የሙስሊም ጎረቤታችሁን መጠየቅ ነው፣ የነሱ ወር በጨረቃ ስለሆነ ወሩ ሊያልቅ ሲል ወይ እንደገባ ከሄዳችሁ ጨረቃ አታስቸግራችሁም፣ እኛ እንደዛ ነው ቀን የመረጥነው። ልብስ አትናቁ፣ በየ1,000 ሜትሩ ከ6 ዲግሪ በላይ ስለሚቀንስ ጉና ባሕር ዳርን በ15 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛታል፣ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፣ ጃኬት፣ ኮፍያ፣ ጓንት፣ ከላይ ጋቢ፣ ጥሩ ስሊፒንግ ባግ፣ ሻይ በፔርሙዝ። አረቄ ያሞቃል የሚለውን ተዉት፣ እዛ ከፍታ ላይ ራስ ምታቱን ነው የሚያብሰው። እንጨት ብላችሁ አስታውን አትቁረጡ፣ ለማብሰያ ከታች ይዛችሁ ውጡ፣ ፌስታላችሁንም ይዛችሁ ውረዱ።

ስልካችሁን ኪስ ውስጥ ክተቱት። ዓይን ጨለማ እስኪለምድ 20 ደቂቃ፣ ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል፣ አንዱ ስልኩን ባበራ ቁጥር ሁላችሁም ከዜሮ ትጀምራላችሁ፣ በዚህ የተነሳ እኛ ልንጣላ ነበር። የግድ ከሆነ ፍላሹ ላይ ቀይ ፌስታል እጥፍ አድርጋችሁ እሰሩበት፣ ቀይ ብርሃን ዓይንን ብዙ አያበላሽም። ቴሌስኮፕ አያስፈልግም፣ ወፍ ማያ ቢኖኩላር ካለ ጁፒተር በወጣችበት ሰሞን አራቱን ጨረቃዎቿን ታያላችሁ፣ እኛ የጀልባውን ይዘን ነበር፣ መሪያችን ካየ በኋላ አልመልስ ብሎ እስኪነጋ እሱ ጋ ነው ያደረው።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት ስትሆን የነበረውን ታስታውሳላችሁ፣ በኮቪድ ምክንያት የውጭ ሰው እንኳን ሊመጣ አልቻለም። የሚቀጥለው ትልቁ ግርዶሽ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ነው፣ ሙሉው የሚያልፈው በግብፅ፣ በሱዳን ጥግና በሳዑዲ ነው፣ ለኛ በከፊል ነው የሚደርሰን፣ እሱም የሐምሌ ደመና ከፈቀደ። ስለዚ ግርዶሽ አንጠብቅ፣ በየዓመቱ ከጥቅምት ጀምሮ ያለው ይበቃናል።

ከእናንተ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ጋዜጣችሁ ጥግ ላይ የጨረቃዋን ቀን አትሙልን፣ መቼ እንደምትሞላ መቼ እንደማትኖር፣ ሁለት መስመር ቦታ አይፈጅም፣ ለኛ ለጀልባ ሰዎችም ይጠቅማል። ሁለተኛ፣ እናንተ ስትጠይቁ ስለሚመልሱ የሚመለከተውን ቢሮ ጠይቁልን፣ ጣና ዳር ለሚሠራ ሆቴልና ሎጅ የውጭ መብራቱ እንዴት ይሁን የሚል ደንብ አለ ወይ? ካለ ለምን አይሠራበትም? ጉና ላይ የሚገነባ ነገር ካለስ ፋርጣና ጋይንት ያለውን ሕዝብ ያማከረ አለ ወይ፣ እኒያ አባት እስካሁን ማንም እንዳልጠየቃቸው ነው የነገሩኝ። መልሱን ስታገኙ አትሙት፣ ወደቡ ላይ እየተቀባበልን እናነበዋለን።

አክባሪያችሁ
አንድ የጣና ጀልባ ነጂ፣ ከባሕር ዳር